ልጄ የት እንደታሰረ በምን ልወቅ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ታሰረ ሰው ናቸው። ለዚህ እትም ሦስቱን መርጫለሁ። አንዱ ልጇ አሜሪካ ከታሰረባት እናት ነው። ሁለተኛው ወንድሙ እዚሁ መሃል ከተማ ከተያዘበት ወጣት። ሦስተኛው ልጃቸውን ሊድሩ ከተዘጋጁ አባት። የቤት ኪራይና የውርስ ጥያቄ የላካችሁልኝ በሚቀጥለው እትም እንገናኝ። ለማታውቁኝ፣ ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ከመስኮቱ ማዶ ቆመው «ልጄ እዚህ ቀርቧል ወይ?» የሚሉ እናቶችን ሳስተናግድ ኖሬአለሁ። ይህ ጥያቄ አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ልጄ አሜሪካ ከሄደ ቆይቷል። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚባል ከተማ ነው የሚኖረው። እሁድ እሁድ ሳይደውል አይውልም ነበር። አሁን ስልኩ ዝግ ነው። አብሮት የሚኖረው ልጅ ለእህቱ «ፖሊስ ወስዶታል» ብሎ ጻፈላት። ከዚያ ወዲህ እሱም አይመልስም። በቴሌግራም ያገኘነው አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ 30 ሺህ ብር ከከፈላችሁ ያለበትን አገኝላችኋለሁ ይላል። ወርቄን ልሸጥ ነው። ምን ይመክሩኛል?
*እናት፣ ከአራት ኪሎ*

መልስ፦ እናቴ፣ ወርቅዎን አይሽጡ። ለሰውየው አምስት ሳንቲም እንዳይሰጡ።

አሜሪካ ውስጥ የታሰረ ሰው ስም፣ የተያዘበት ምክንያትና የቀጠሮው ቀን በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ነው። ዘመድም ይሁን ባዳ፣ ማንም ሳይከፍል ያየዋል። ያ ሰውዬ 30 ሺህ ብር ተቀብሎ የሚከፍተው እርስዎም የሚከፍቱትን ያንኑ ገጽ ነው። ልጅዎ አጠገብዎ ትቀመጥና ስልኳን ታውጣ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ያዘው?» የሚለው ነው። አሜሪካ ሁሉም እስረኛ የሚገኝበት አንድ ዝርዝር የላትም። ካውንቲ የሚባሉ ከ3 ሺህ በላይ አስተዳደሮች አሏት። አብዛኞቹ የየራሳቸው እስር ቤት አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ የሚያስተዳድረው ሸሪፍ የሚባል ሹም ነው። ትናንት የተያዘ ሰው ያለው እዚያ ነው። ተፈርዶበት ረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ወደ ግዛቱ ማረሚያ ቤት ይዛወራል። ወንጀሉ የፌዴራል ከሆነ የፌዴራሉ መንግሥት ይረከበዋል። ጉዳዩ የመኖሪያ ወረቀት ከሆነ ደግሞ አይስ የሚባለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት አለ። የአራቱም መዝገብ ለየብቻ ነው። አንዱ ጋ ስሙ ካልተገኘ ደንግጠው እንዳይቆሙ፤ ወደሚቀጥለው ይሂዱ።

አሌክሳንድሪያ ብለውኛል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተማና ካውንቲ ራሳቸውን ችለው የቆሙ ናቸው። አሌክሳንድሪያ ከተማ የራሷ ሸሪፍና የራሷ እስር ቤት አላት። ነገር ግን የፖስታ አድራሻቸው «አሌክሳንድሪያ» የሚል ብዙ ሰፈሮች ያሉት ጎረቤቷ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ይፈልጉ። ደግሞም ሰው መጀመሪያ የሚታሰረው በተያዘበት አካባቢ እንጂ በሚኖርበት አይደለም። ልጅዎ ለሥራ ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ይሄድ ከነበረ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበትን ሞንትጎመሪ ካውንቲን ይጨምሩ። ዋሽንግተን ዲሲም የራሷ እስር ቤት አላት።

ልጅዎ የካውንቲውን ስምና «ሸሪፍ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፋ ትፈልግ። ከላይ ከላይ የሚመጡት «ማንንም ሰው እናገኛለን» የሚሉት ነጋዴዎች ናቸው፤ ትለፋቸው። የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ከመጣ ትውጣ። የመንግሥት ገጾች አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ በ«ጎቭ» ያልቃል፣ ሁሉም ግን አይደለም። ከካውንቲው ዋና ገጽ ተነስቶ ወደ ሸሪፉ መግባት ይሻላል። ዝርዝሩን ድረ ገጽ ላይ የማያወጣ ካውንቲም አለ። እዚያ በስልክ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ እኛ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። በቀሩት ወራት 11 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ በፊት መደወል ሰው ማስነሳት ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ችግር ልምጣ። ስሙ። በእኔ ግምት ከኛ አገር ልጆች ብዙዎቹ መዝገብ ላይ እያሉ የሚታጡት በስም አጻጻፍ ነው።

እኛ በአባት ስም ነው የምንጠራው። የአሜሪካ ፎርም የመጨረሻ ስም ይጠይቃል። አንዱ የአባቱን ያስገባል፣ ሌላው የአያቱን። ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት የሆነው ስም መንጃ ፈቃድ ላይ ተገልብጦ ይገኛል። አጻጻፉም አለ። ጸጋዬ የተባለ ሰው ስሙ በ«ቲ» ሊጀምር ይችላል፣ በ«ኤስ»ም ሊጀምር ይችላል። ገብረ ሥላሴ አንዱ ጋ ተያይዞ፣ ሌላው ጋ ለሁለት ተከፍሎ ይጻፋል። ሲከፈል «ገብረ» መሃል ላይ ይቀርና «ሥላሴ» ብቻውን የመጨረሻ ስም ይሆናል። እናትየው «ገብረ ሥላሴ» ብላ ስትፈልግ ብትውል አይመጣላትም።

ስለዚህ ፍለጋ ከመጀመርዎ በፊት ስሙ በእንግሊዝኛ የተጻፈበትን ወረቀት ሁሉ ከየሣጥኑ ያውጡ። የፓስፖርት ኮፒ፣ የቪዛ ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ገንዘብ ሲልክልዎ ባንክ የሰጠዎ ደረሰኝ ነው። ላኪው ስሙን የሚያስመዘግበው በእጁ ባለው የአሜሪካ መታወቂያ መሠረት ነው። ፖሊስም ሲይዘው የሚያየው ያንኑ መታወቂያ ነው። እዚያ ደረሰኝ ላይ ያለውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ይገልብጡ። ብዙ የካውንቲ ገጾች የስሙን የመጀመሪያ ጥቂት ፊደላት ብቻ ቢያስገቡም ይቀበላሉ። ሦስት ፊደል ጽፎ የሚመጣውን ዝርዝር መመልከት ሙሉውን ጽፎ ከመሳሳት ይሻላል። ልደቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ይያዙ። የኛን ዓመተ ምሕረት ሳይቀይሩ ያስመዘገቡ አሉ፤ ቀኑ ስላልታወቀ ጃንዋሪ 1 የተባሉም ብዙ ናቸው።

የአይስ መፈለጊያ ግን በጣም ጥብቅ ነው። የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ልክ እነሱ እንደመዘገቡት መግጠም አለበት። የትውልድ አገርም ይጠይቃል። አስመራ ወይም ሱዳን የተወለደ ልጅ «ኢትዮጵያ» ተብሎ ቢፈለግ ላይገኝ ይችላል። ከስም ይልቅ «ኤ ነምበር» የሚባለው ቁጥር ይሻላል፤ ግሪን ካርድ ወይም የሥራ ፈቃድ ላይ ይገኛል። 9 አኃዝ ነው። በእጅዎ ያለው 8 ከሆነ ከፊቱ ዜሮ ይጨምሩ። ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን ይህ መፈለጊያ አያሳይም።

የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ቢሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1982 ወዲህ ያሰራቸውን በስም ያሳያል። ያልተፈረደበት የፌዴራል እስረኛ ግን ብዙ ጊዜ በየካውንቲው እስር ቤት ስለሚቀመጥ እዚያ ላይታይ ይችላል። ሌላ ቫይን የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። እንደነሱ አቆጣጠር በ1994 ኬንታኪ ውስጥ፣ ሉዊቪል ከተማ ተጀመረ። አንዲት ወጣት፣ ያጠቃት ሰው ከእስር መውጣቱ ሳይነገራት በእጁ ተገድላ ነበር። ወላጆቿ ይህ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ታገሉ። አገልግሎቱ የተሠራው ለተበዳዮች ነው፤ ቤተሰብም ግን ይጠቀምበታል። ሲመዘገቡበት እስረኛው ሲዛወር ወይም ሲለቀቅ መልእክት ይልክልዎታል።

ኤምባሲ መደወልም ያስቡ ይሆናል። እዚህ ላይ ቀስ ይበሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 በቪየና በተፈረመው የቆንስላ ስምምነት፣ 36ኛው አንቀጽ፣ የታሰረ የውጭ ዜጋ ቆንስላው እንዲነገርለት መጠየቅ ይችላል። መብቱ የእሱ ነው። ልጅዎ ጥገኝነት ጠይቆ ከሆነ፣ እሱ ራሱ ወይም ጠበቃው እሺ ሳይሉ ለኤምባሲ አይደውሉ። የእናት ጭንቀት ልጁን ሊጎዳው ይችላል። ይህን በከባዱ ነው የምለው።

ስሙ ሲገኝ የእስረኛ ቁጥሩን፣ የተያዘበትን ምክንያት፣ የዋስትናውን መጠንና የቀጠሮውን ቀን ይጻፉ። ቀኑን ሲያነቡ አሜሪካኖች ወሩን አስቀድመው እንደሚጽፉ አይርሱ። ከዚያ እዚያው አገር ያለ አንድ ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሰው ይፈልጉ። ከእስር ቤት ወደ ውጭ አገር መደወል ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ እዚያ ያለ ሰው ግን የስልክ ሒሳብ ሊሞላለት ይችላል። ስልኩ ይቀዳል። ስለ ተከሰሰበት ነገር አንድም ቃል አይጠይቁት። ደኅና ነህ ወይ፣ ጠበቃ አለህ ወይ፣ ይበቃል። በወንጀል ተከሶ እስራት የሚያስፈርድበት ከሆነና መክፈል ካልቻለ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይመድብለታል። በኢሚግሬሽን ጉዳይ ግን መንግሥት ጠበቃ አይከፍልለትም። ገንዘብ ካላችሁ ለዚያ ይቆጠብ።

«ከሸሪፍ ቢሮ ነው፣ አሁኑኑ ላኩ» የሚል ስልክ ቢመጣ ይዝጉት። የካውንቲውን ቁጥር ራስዎ ፈልገው መልሰው ይደውሉ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ወንድሜ ገና ወጣት ነው። ሐሙስ ማታ ፒያሳ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ሳለ በፒካፕ ጭነው ወሰዷቸው። ግማሾቹ የደንብ ልብስ፣ ግማሾቹ ሲቪል ለብሰዋል አሉ። ዓርብ ጣቢያ ለጣቢያ ስዞር ዋልኩ። መልሱ «እዚህ የለም» ነው። እናቴ አልጋ ላይ ናት። እንደ ውጭ አገር ኢንተርኔት ላይ የሚፈለግበት መንገድ የለም ወይ?
*ከሰንጋ ተራ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት ስለደወልኩልህ አንተ ይህን ሰምተኸዋል። እዚህ የምጽፈው ነገ ይኸው ለሚገጥመው ነው።

ኢንተርኔት ላይ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ማንም በስም ፈልጎ የሚያገኘው የእስረኞች ዝርዝር የለንም። መኖር ነበረበት እላለሁ። መዝገቡ ግን አለ። ጣቢያው ይመዘግባል፣ ፍርድ ቤቱ ይመዘግባል፣ ማረሚያ ቤቱ ይመዘግባል። ወረቀቱ ከሰውየው ጋር ይሄዳል። የምትፈልገው ዛሬ መዝገቡ ማን ጋ ነው የሚለውን ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት መዝገብ ጣቢያ ነው። ከተማው ውስጥ ሁለት ፖሊስ አለ። የአዲስ አበባ ፖሊስ በየክፍለ ከተማው መምሪያና በሥሩ ባሉ ጣቢያዎች ይሠራል። የፌዴራል ፖሊስ የራሱ ወንጀል ምርመራ አለው። ፒያሳ አራዳ ክፍለ ከተማ ነው፤ ትንሽ ራመድ ስትል ግን አዲስ ከተማ ነው፣ በታች በኩል ልደታና ቂርቆስ። የያዙት ሰዎች የየት እንደሆኑ ካላወቅህ አራቱንም አዳርስ። አብረውት የተያዙትን ልጆች ቤተሰቦችም ፈልግ። ተከፋፈሉና ዙሩ። አንዱ ከተገኘ ሌሎቹም ብዙ ጊዜ እዚያው ናቸው።

አንዳንድ እናቶች ዛሬም «ማዕከላዊ ይሆናል» ብለው ወደዚያ ይሄዳሉ። ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል። ከርቸሌም የለም። ቦታው ላይ አሁን የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ቆሟል። ጊዜያችሁን እዚያ አትፍጁ።

ባዶ እጅህን አትሂድ፣ ስንቅ ያዝ። «እገሌ አለ ወይ?» ስትለው ቀና ሳይል «የለም» የሚል ተረኛ፣ ስንቅ ሲቀርብለት ስም ይጠራል። ዕቃው ላይ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ጽፈህ በፕላስተር ለጥፍ። ከዚያ ጠብቅ። ዕቃው እንዳለ ከተመለሰ እዚያ የለም። ባዶውን ከወጣ አለ። አንዲት እናት አስታውሳለሁ። የተመለሰላትን ምሳ ዕቃ ከፍታ ጥጉ ላይ የቀረችውን ቃሪያ አየች። «እሱ ነው፤ ቃሪያ ለይቶ ነው የሚበላው» ብላ እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ ማንም «የለም» ቢላት አልተነሳችም። በነጋታው ልጁን ፍርድ ቤት አገኘችው።

የስም ጣጣ እኛም ጋ አለ። ጸሐፊው በኮምፒውተር ሲፈልግ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»ና «ሃይሉ» ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። «ፀሐይ»ና «ጸሀይ»ም እንዲሁ። ስሙን በቃል ብቻ አትንገር። በሚቻለው አጻጻፍ ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፈህ በመስኮቱ አቀብል። መዝገብ ቤት ስሠራ ይህን ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ጉዳዩ ቶሎ ያልቅለት ነበር። የቤት ስሙን ሳይሆን የመታወቂያ ስሙን መጻፍህን አረጋግጥ። ሰፈር «አቡሽ» የሚለውን ልጅ መዝገብ አያውቀውም።

ሕጉ ከአንተ ጋር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ19ኛው አንቀጽ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው የማይቆጠረው። 21ኛው አንቀጽ ደግሞ የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። አንተ ወንድሙ ነህ፤ የቅርብ ዘመድ ነህ። ስትጠይቅ ድምፅህን ከፍ አታድርግ። አንቀጹን ግን ጥራ። ያናገረህን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ጻፍ፤ ኋላ አቤቱታ ስታስገባ እሱ ነው የሚያስፈልግህ።

ሁለተኛው ቦታ ፍርድ ቤት ነው። መሃል ከተማ የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ለጊዜ ቀጠሮ የሚቀርበው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አራዳ ምድብ ችሎት ነው። ልደታም መጠየቅ አይከፋም። ጠዋት በጊዜ ግቢው ውስጥ ተገኝ። ፖሊስ ተጠርጣሪዎችን በመኪና አምጥቶ ሲያወርድ ቆመህ ተመልከት። ቅዳሜ ከሆነ ወይም ፍርድ ቤቶች በክረምት ዕረፍት ላይ ከሆኑ ተረኛ ችሎት የቱ እንደሆነ ጠይቅ። ከመዝገብ ቤቱ የመዝገብ ቁጥሩን ውሰድ። ከዚያ ወዲያ የሚፈለገው በቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ካለህ «የለም» የሚልህ የለም። ቀጣዩን ቀጠሮም ጻፍ። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ 59ኛው አንቀጽ፣ ፖሊስ አንድ ጊዜ ጠይቆ የሚሰጠው የምርመራ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም።

ክስ ተመሥርቶ «ማረሚያ ቤት ይውረድ» ከተባለ መዝገቡ ወደ ሦስተኛው ቦታ ተዛወረ ማለት ነው። ያኔ ቂሊንጦ ወይም ፍርድ ቤቱ የላከበትን ሌላ ማረሚያ ቤት ነው የምትጠይቀው። መታወቂያህን አትርሳ። የሚገባና የማይገባ ዕቃ አለ። በር ላይ የቆሙ ቤተሰቦችን ጠይቅ፤ ከማስታወቂያው ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

48 ሰዓቱ አልፎ ፍርድ ቤትም ካልቀረበ፣ ያለበትንም የሚነግርህ ከጠፋ፣ ከዚያ በኋላ መለማመጥ የለም። ለክፍለ ከተማው ፖሊስ መምሪያ ኃላፊና ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ አመልክት፤ ቅጂው ላይ «ገቢ» ተደርጎ ማኅተም ይረፍበት። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አሳውቅ። በ2012 ዓ.ም. የተሻሻለው የኮሚሽኑ አዋጅ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ እስር ቤት ገብቶ እንዲያይ ይፈቅድለታል። ዋናው መሣሪያህ ግን አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከ177ኛው አንቀጽ ጀምሮ ይደነግገዋል። የታሰረው ሰው ራሱ ማመልከት ካልቻለ ሌላ ሰው በቃለ መሐላ አስደግፎ ያቀርብለታል። ፍርድ ቤቱ የያዘውን ክፍል «ሰውየውን አቅርብ፣ ምክንያትህንም ተናገር» ብሎ ያዝዛል። ጠበቃ መክፈል ካልቻልክ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ አሉ፤ ስድስት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው ሕግ ትምህርት ቤት አንዱ ነው። ጉዳዩ ከጦርነት ወይም ከስደት ጋር ተያይዞ ሰው ከጠፋ ስታዲየም አካባቢ ያለው ቀይ መስቀል የጠፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግ ክፍል አለው።

ጣቢያ በር ላይ «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ይመጣል። አትስማው። ገንዘብህን ለስንቅና ለታክሲ ያዘው።

ለእናትህ አንድ ነገር ልበል። እሷን ይዘህ አትዙር፤ ታማለች። ነገር ግን ያገኘኸውን ሁሉ ማታ ማታ ንገራት፣ ያላገኘኸውንም ጭምር። ባዶ ወሬ እንኳ ቢሆን ከዝምታ ይሻላታል።

ጥያቄ፦ ልጄን ለጋብቻ የጠየቃት ልጅ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ሽማግሌዎቹ መጥተው አነጋግረውናል፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው። የጎረቤት ልጅ ግን የእሱን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ «ቨርጂኒያ ታስሮ ነበር» የሚል ገጽ አሳየን። ፎቶ የለውም። ባለቤቴ ነገሩን እናቋርጥ ትላለች። እውነቱን እንዴት ልወቅ?
*አባት፣ ከለገሃር*

መልስ፦ ጋሼ፣ ምንም ነገር ከማቋረጥዎ በፊት ገጹ የማን እንደሆነ ይዩ። የፍርድ ቤት ካልሆነ ለጊዜው ይተውት። ከየቦታው የእስረኛ ስም ሰብስበው የሚያወጡ የንግድ ገጾች አሉ። ስሙን ለመሰረዝ ገንዘብ የሚጠይቁም ነበሩ፤ በዚህ የተነሳ በርካታ ግዛቶች ይህን የሚከለክል ሕግ አውጥተዋል። እነዚህ ገጾች ሰው ሲያዝ ይጽፋሉ፤ ነጻ ሲወጣ ግን ተመልሰው አያስተካክሉም።

ደግሞ የእኛ ስም ነው። በአንድ ስምና በአንድ የአባት ስም የሚጠሩ ስንት ሰዎች እንዳሉ እርስዎም ያውቃሉ። የአያት ስምና የልደት ቀን ካልገጠመ ያ ሰው እሱ ነው ማለት አይቻልም።

የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች የመዝገብ መረጃ በስም በነጻ ይፈለጋል። እዚያ የሚታየው ትልቁ ነገር የመጨረሻው ውጤት ነው። «ዲስሚስድ» ካለ ክሱ ተዘግቷል። «ኖሌ ፕሮሴኳይ» የሚል ካዩ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ክሱን ትቶታል ማለት ነው። «ጊልቲ» ካለ ተፈርዶበታል፤ ያኔም ምን ነበር የሚለውን ያንብቡ። ፈጥኖ መንዳትና ሰው መደብደብ አንድ አይደሉም። የሚስት ወይም የፍቅር ጓደኛ ድብደባ ከሆነ ግን አባት ነዎትና ዝም ብለው እንዳያልፉት።

እዚህ አገር ስላለው ኑሮው ማወቅ ከፈለጉ እኛ ጋ ማንም ገብቶ የሚያየው የወንጀል መዝገብ የለም። ራሱ አሻራ ሰጥቶ ከፌዴራል ፖሊስ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ማውጣት ይችላል። ለሥራና ለቪዛ ሰው ሁሉ የሚያወጣው ነው፤ ቢጠየቅ ስድብ አይደለም። ያለ እሱ ፈቃድ «ፖሊስ ውስጥ በማውቀው ሰው አስጠይቄ» የሚባለውን ግን አልደግፍም። ሕገ መንግሥቱም፣ 20ኛው አንቀጽ፣ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያላለውን ሰው ንጹሕ ነው ይላል።

ከሁሉ በፊት ልጁን ራሱን ይጠይቁት። በሽማግሌዎቹ ፊት አይሁን፣ ያሳፍሩታል። ቤት ጠርተው ቡና ተፈልቶ፣ ያዩትን ገጽ ያሳዩትና «ይህ አንተ ነህ?» ይበሉት። ነኝ ካለ የፍርድ ቤቱን መዝገብ በማኅተም የተረጋገጠ ቅጂ አስልኮ ያምጣ፤ የራሱን ጉዳይ ማውጣት አይቸግረውም። ልጅዎም አብራ ትቀመጥ። የምታገባው እሷ ናት፣ መልሱን ከእሱ አፍ ትስማው።